የአያ ቢሻው ነጭ ሽንኩርትና ሁለተኛ እጅ ጨው

አያ ቢሻው ጨው የማያድነው ነገር አለ ብሎ አምኖ አያውቅም። ጥርሱን የሚፍቀው በጨው ነው። ጫማው ከሸተተው ጨው ይነሰንስበታል። ትኋን ካስቸገረው የአልጋውን እግር በጨው ውሃ ያጥባል። አንድ ሰሞን ዓይኑን ሲያመው፣ ባለቤቱ የትነበርሽ የጨውን ዕቃ ደብቃ እንደ ሰነበተች እዚህ አምባ ጊዮርጊስ የማያውቅ የለም።

በዕድሜ እኔ እበልጠዋለሁ። ሆኖም አገሩ ሁሉ «አያ» ስለሚለው እኔም እለዋለሁ፤ ካላልኩት ደግሞ ቶሎ አይሰማኝም።

አርባ አንድ ዓመት ጎንደር ከተማ አራዳ ውስጥ የበግና የፍየል ሌጦ ሲሠራ ኖሯል። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ከየቤቱ የመጣውን ሌጦ ዘርግቶ በጨው ማሸት፣ አንዱን በአንዱ ላይ መደርደር፣ ውሃው ተንጠፍጥፎ እስኪያልቅ መጠበቅ። ሲሠሩት ግን ቀላል አይደለም። እሱ ሌጦውን አሽትቶ በጉ ጧት ይታረድ ከሰዓት ይናገራል። ጨውን በምላሱ ጫፍ ቀምሶ አዲስ ይሁን፣ ወይም አንዴ ሌጦ ላይ ውሎ የተጠረገ ሁለተኛ እጅ ይሁን ይለያል። የሌጦ ነጋዴ ጨው አይጥልም። ጠርጎና አድርቆ እንደገና ይሠራበታል፤ ደም ጠጥቶ እስኪቀላና ፀጉር እስኪበዛበት ድረስ።

«ጨው ሌጦውን አይበላውም፤ ውሃውን ነው የሚጠጣበት» ይላል። «ውሃ ከሌለ ትል ምን ሊሠራ ይመጣል?»

ይህን ያስተማረው ሰው የለም። እኔም ፊደል የቆጠርኩት ፀጉሬ መሸበት ከጀመረ በኋላ ስለሆነ፣ ሰው በራሱ ደክሞ ያገኘውን እውቀት አልንቅም። ችግሩ እንዲህ ያለውን እውቀት ሰው በጣም ስለሚወደው፣ ባልጠሩት ቦታ ሁሉ ይዞት መግባቱ ነው።

ባለፈው ዓመት ጉልበቱ ሲደክም መጋዘኑን ዘጋ። ጎንደር ላይ ደህና ቤት ያለው ልጃቸው «ኑ፣ ከእኔ ጋር ተቀመጡ» አላቸው፤ ሄዱ። አያ ቢሻው እዚያ ሦስት ወር ተቀመጠ። ቴሌቪዥን ይከፍቱለታል፤ ሊነሣ ሲል «አባባ፣ ምን ላምጣልዎት?» ይሉታል። «ሦስት ወር ሙሉ ምን እንደምፈልግ ሲጠይቁኝ፣ ምንም እንደማልፈልግ ስነግራቸው ከረምኩ» ብሎኛል።

መላ ያመጣችው የትነበርሽ ናት። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ከመስኖው ቦይ በታች የአባቷ መሬት አለ፤ ሸጋ መሬት ነው። አባቷ ከሞቱ ወዲህ ታናሽ ወንድሟ አወቀ ገብስ ይዘራበት ነበር። «ለአንድ ዓመት ልቀቅልን፤ ነጭ ሽንኩርት እንትከልበት» አለችው። አወቀ እሺ አለ። በመጋቢት ነጭ ሽንኩርቱ ከያዘ መሬቱ በእነሱ እጅ ይቆያል። ካልያዘ አወቀ ገብሱን ይመልስበታል፣ አያ ቢሻውም ወደ ልጁ ቤት ይመለሳል። ይህን ውል ያወጣችው ራሷ የትነበርሽ ናት። ባሏን ታውቀዋለች።

በጥቅምት መጡ። አይሱዙው ላይ ከአልጋውና ከድስቱ ጋር ስድስት ጆንያ ተጭኖ ነበር።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» አልኩት።

«የእናንተ መሬት ቀምሶት የማያውቅ ነገር ነው።»

ከዚህ በላይ አልነገረኝም። ለሚስቱ «ፍግ ነው» ብሏታል። ጨው ነበር። መጋዘኑ ሲዘጋ የተረፈ፣ ሦስት አራት ጊዜ የተሠራበት፣ በደምና በፀጉር የወፈረ ጨው። ሐሳቡን በኋላ ሲያስረዳኝ፣ ስሕተቱ የቱ ላይ እንደሆነ ለማግኘት እኔም ጥቂት ማሰብ ነበረብኝ። ደም ለመሬት ጥሩ ነው፤ ፀጉርም በስብሶ አፈር ይሆናል፤ ጨው ደግሞ ትሉን ይገድላል። በአንድ ጆንያ ሦስት መድኃኒት! ስለዚህ ከመሬቱ ታችኛው ጫፍ ጀምሮ በየመደቡ ጨውን በእፍኝ በእፍኝ እየቀበረ፣ በላዩ የነጭ ሽንኩርቱን ፍልቃቂ እየተከለ ወደ ላይ ወጣ። ከቦዩ አፍ አጠገብ አራት መደብ ሲቀረው ጆንያው አለቀ። አራቱን እንዲሁ ተከላቸው። እንዲያውም አዝኖላቸው ነበር።

በኅዳር ሁሉም በቀለ። ታኅሣሥ ሲገባ ግን የታችኞቹ መደቦች ጫፋቸው ቢጫ ሆነ፤ ቅጠላቸው ተልፈሰፈሰ። ውሃ የጠማው ተክል የሚመስለውን መሰሉ። የላይኞቹ አራት መደቦች ብቻ አረንጓዴ ሆነው ቆሙ።

አያ ቢሻው ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ አልለፋም። የቦዩ ውሃ የሚገባው ከላይ ነው። የላይኛው ጠጥቶ የታችኛው ከተጠማ፣ ውሃው ሳይደርስ ተዘግቷል ማለት ነው። ውሃውን በተራ የሚያከፋፍለው የውሃ አባት ደግሞ ማን ነው? አወቀ። አወቀ ምን ይፈልጋል? ገብሱን።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ የመስኖ ባለ ተራዎች ቦዩ አፍ ላይ ተሰብስበን ሳለ ተነሥቶ ቆመ።

«አወቀ! ምነው ተራዬን ትሰርቀኛለህ?»

«ምን አሉ አንቱ?»

«ውሃውን ከመሬቴ እኩሌታ ላይ ስትዘጋው ከርመሃል። ሽንኩርቴ ደርቆ መሬቱ እንዲመለስልህ ነው።»

አወቀ ቁጡ ሰው አይደለም። ወርዶ ከታችኛው መደብ አፈር ዘግኖ አመጣና በሁሉም ፊት ጨመቀው። በጣቶቹ መካከል ውሃ ወረደ።

«ይህ ምንድን ነው አያ?»

«ጭቃ።»

«ያለ ውሃ ጭቃ አለ?»

«ዛሬ ጧት ነው የለቀቅከው። ልታሳየኝ ብለህ።»

ሰው ሳቀ። አወቀ ግን አልሳቀም። የውሃ አባት በሰው ፊት ሌባ ሲባል ቀላል ነገር አይደለም። «እንግዲያው መጋቢት ይፍረደን» አለና አካፋውን አንሥቶ ሄደ።

የትነበርሽ ከዚያ ቀን ጀምሮ ባሏን አላነጋገረችውም። ወጡንም ጨው ሳታደርግ ታቀርብለት ነበር ይባላል።

ማክሰኞ ዕለት አያ ቢሻው ለቀበሌው ማመልከቻ ለማስጻፍ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሄደ። እዚያ ኤሌኒ የምትባል የባዮሎጂ መምህርት አለች። የጎንደር ከተማ ልጅ ናት፤ እነ አያ ቢሻው ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። እኔን ምስክር አድርጎ ይዞኝ ሄደ። የምን ምስክር እንደሆንኩ አልጠየቅኩትም።

ኤሌኒ ለነገ ትምህርት ስትዘጋጅ አገኘናት። ጠረጴዛው ላይ ማይክሮስኮፕ፣ የተከፈለ ቀይ ሽንኩርትና ሁለት ብርጭቆ ውሃ አለ።

«አያ ቢሻው፣ በደህና ነው?»

«ማመልከቻ እንድትጽፊልኝ ነው። ውሃ ስለሚሰርቅ ሰው።»

«እሺ፣ ይህችን ልጨርስ። እስከዚያው አንዴ ይዩልኝ፤ ዓይንዎ እንዴት ነው?»

«ሌጦ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የማገኝ ሰው ነኝ» አለና ጎንበስ አለ። የሽንኩርቱን ስስ ልጣጭ ነበር ከመስታወቱ ሥር ያስገባችለት። «ይህማ በረት ነው!» አለ። «በረት በረት የተከፋፈለ። በየበረቱም ቀይ ውሃ ሞልቶበታል።»

«እያንዳንዱ በረት ሕዋስ ይባላል» አለችው። «ሽንኩርቱ የተሠራው ከእነዚህ ነው፤ እርስዎም እንደዚሁ። ሽንኩርቱ ላይ አጥር መስሎ የሚያዩት የሕዋሱ ግድግዳ ነው። ከግድግዳው ውስጥ ደግሞ ሁሉን እንደ ከረጢት ይዞ የሚኖር ስስ ሽፋን አለ። የሚገባውንና የሚወጣውን የሚመርጠው እሱ ነው።»

«በረኛ ነዋ።»

«አዎ፣ በረኛ ነው። ውሃን ያሳልፋል፤ ጨውን ግን እንዲሁ በቀላሉ አያሳልፍም። በጣም የሚፈልገው ነገር ከሆነ ደግሞ ጉልበቱን አውጥቶ ጎትቶ ያስገባል።»

«ሸጋ በረኛ ነው» አለ ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ ራሱ የቀጠረው ይመስል።

«አሁን ጨው የሟሟበት ውሃ አንድ ጠብታ ልጨምርበት። ዓይንዎን እንዳያነሡ።»

አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ይበልጥ አጎነበሰ።

«ከረጢቱ ከግድግዳው ለቀቀ» አለ በመጨረሻ። «እየጠበበ ነው። ኧረ ተጨማደደ!»

«ውሃው ወጥቶ ነው። ውጭ ያለው ጨው ሲበዛ፣ የውስጡ ውሃ ሽፋኑን አልፎ ወደ ጨዋማው ይሄዳል። ኦስሞሲስ ይባላል። ስሙ ልጆቹን ያስቸግራቸዋል።»

«ስሙን ተይው። ጨው ውሃ ይጠጣል ማለት ነው። ይህን እኔ አርባ አንድ ዓመት ሠርቼበታለሁ፤ አራዳ ላይ ማንንም ጠይቂ።»

«ታዲያ ነገ ልጆቹን እርስዎ ቢያስተምሩልኝስ?»

ቀና አለና ኮቱን አስተካከለ። በሕይወቴ ያን ያህል የተደሰተ ሰው አላየሁም። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም፤ ኤሌኒ ብርጭቆዋን እያጠበች ንግግሯን ቀጠለች።

«የተክል ሥርም ያው ነው። አፈሩ ጨው ከበዛበት፣ ጭቃ ውስጥ ቆሞም ይጠማል። ውሃው አጠገቡ እያለ ሊጠጣው አይችልም።»

አያ ቢሻው ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«ያ ከረጢት» አለ፣ «ከተጨማደደ በኋላ ይመለሳል?»

ኤሌኒ ጨዋማውን በንጹህ ውሃ አጥባ እንደገና አሳየችው። ከረጢቱ ቀስ ብሎ ሞላ፤ ወደ ግድግዳውም ተጠጋ። «ቶሎ ከታጠበ ይመለሳል። ከቆየ ግን ሽፋኑ ይጎዳል፣ ሕዋሱም ይሞታል። ለምን ጠየቁኝ?»

«እንዲሁ ነው።»

«ማመልከቻውስ?»

«እሱ ይቆይ።»

ከትምህርት ቤቱ በቀጥታ ወደ ታችኛው መደብ ወርዶ ተንበረከከና፣ ከነጭ ሽንኩርቱ ሥር አፈር ቆንጥሮ በምላሱ ጫፍ ነካው። ተፋው።

«ሁለተኛ እጅ ነው» አለ። «የእኔ ነው።»

ስለ ስድስቱ ጆንያ የነገረኝ ያን ጊዜ ነው።

«ሰውዬ፣ ሽንኩርቱን እንደ ሌጦ ልትደረድረው ነበር እንዴ?» አልኩት።

«ሌጦ የሞተ ቆዳ ነው» አለ እያዘነ። «ሥር በሕይወት ያለ ቆዳ እንዳለው ማን ነገረኝ?»

መድኃኒቱ ግልጽ ነበር። ጨውን ወደ ታች አጥቦ ከመሬቱ ጫፍ ወዳለው ገደል የሚያስወጣ ብዙ ውሃ ያስፈልጋል፤ ያውም ቶሎ። የእሱ ተራ ደግሞ ገና ከስድስት ቀን በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ውሃ ሊሰጠው የሚችል አንድ ሰው ብቻ አለ።

«አንተ ብትነግርልኝ?» አለኝ።

«ሌባ ያልኩት እኔ ነኝ?»

የትነበርሽ ስትሰማ መጀመሪያ «ስድስት ጆንያ?» አለች። ቀጥላም የበሩን መቃን ይዛ እስክትደክም ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ዓይኗን ጠረገችና፣ «በሰው ፊት ሰድበኸዋል፤ በሰው ፊት ትመልሳለህ» አለችው።

ረቡዕ ጧት ውሃው ሲከፈት ስምንት ሰው ያህል ቦዩ አፍ ላይ ነበርን። አያ ቢሻው ነጠላውን አጣፍቶ መጣ።

«አወቀ፣ ውሃዬን አልሰረቅከኝም።»

«ታዲያ ማን ሰረቀዎት?»

«ጨው።»

«ጨውን ማን አመጣው?»

አያ ቢሻው ጥቂት አሰበ። «መኪና።»

«መኪናው ላይ ማን ጫነው?»

«እኔ!» ብሎ ጮኸ። «እኔ ነኝ! ስድስት ጆንያ! የቀበርኩትም እኔ ነኝ! ሌባ ያልኩህም እኔ ነኝ፣ ይቅር በለኝ!»

«እኛ ለከብቶቻችን እፍኝ ጨው እያጣን!» አለ አንዱ፤ ሳቁ ከቦዩ ማዶ ድረስ ተሰማ። አወቀም ሳቀ፤ ግን ቶሎ ዞሮ ወደ መሬቱ ተመለከተ። ውሃ ከከለከለ በመጋቢት መሬቱ የእሱ ነው። ሌባ የሚለው ሰው እንኳ አይኖርም፤ ተራ ተራ ነውና። ሁላችንም ይህን እናውቅ ነበር፤ አያ ቢሻውም ያውቀዋል።

አወቀ አካፋውን አነሣና የራሱን ቦይ ዘጋ። «የእኔ ተራ ዛሬ ነው፤ ይውሰዱት። ነገና ከነገ ወዲያ ተራ ያላችሁስ?» ብሎ ወደ ሰዎቹ ዞረ። አጉረመረሙ፤ ግን ሰጡ።

ውሃው ሦስት ቀን ወረደ። አያ ቢሻው ከታችኛው ጫፍ ገደሉ አፍ ላይ ተቀምጦ፣ የሚወጣውን ውሃ በጣቱ እየነካ ይቀምሳል። «ገና ነው» ይላል። «አሁንም ገና ነው።» በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለት ጊዜ ቀምሶ፣ እኔንም አስቀምሶ «በቃ» አለ። እኔ ጭቃ ጭቃ ነው ያለኝ፤ ግን አመንኩት።

በመጋቢት ከቦዩ አፍ ያሉት አራት መደቦች እንደ ሕፃን ጡጫ የሞላ ነጭ ሽንኩርት ሰጡ። የመካከለኞቹ አንሰው፣ ግን ይዘው ወጡ። ከታች ያሉት አምስት መደቦች ሞተው ነበር። ውሉ ተፈጸመ ወይስ ፈረሰ? አወቀ ግማሹ አልያዘም አለ። አያ ቢሻው ከግማሽ በላይ ይዟል ብሎ መደቦቹን በእርምጃ ለካ፤ ሲመለስ እርምጃው ያጠረ መሰለኝ።

የፈረደችው የትነበርሽ ናት። ኤሌኒ ገብስ ከነጭ ሽንኩርት ይልቅ ጨው እንደሚችል ነግራት ነበርና፣ አምስቱን መደብ ለወንድሟ ገብስ ሰጠች፤ ሌላውን ለራሷና ለባሏ አስቀረች። ሁለቱም እኩል አኮረፉ፤ ከዚያ አብረው ወሰኑን ተከሉ።

በሳምንቱ ልጃቸው ከጎንደር ደወለ። «መቼ መጥቼ ልውሰዳችሁ?» አለ።

ስልኩን የያዘችው የትነበርሽ ነበረች። አያ ቢሻው ደጅ ላይ ነጭ ሽንኩርት እየጎነጎነ ነው፤ ያልሰማ መስሎ እጁ ግን ቆሟል።

«መምጣቱን ና» አለችው። «ለመውሰድ ከሆነ ነጭ ሽንኩርት ነው የምትወስደው። እኛ ሥራ ላይ ነን።»

አያ ቢሻው መጎንጎኑን ቀጠለ።