ካርድ የላከ አይመጣም

መጋረጃ ሰፊዋ የሰውን ገመና በሜትር እየሸፈነች ነው ልጅ ያሳደገችው። ባሏ ልጁ ጥርስ ሳያወጣ ሞተባት፤ የተወላት ነገር ቢኖር አንድ የእግር ስፌት መኪናና አንድ የሚያፈስ ቧንቧ ነው። መኪናው እስከ ዛሬ ይሠራል። ቧንቧውም እስከ ዛሬ ያፈሳል። በሰፈሩ ካለው መስኮት ግማሹን የጋረደችው እሷ ናት። ማን ቤቱን ከማን ደብቆ እንደሚኖር ብትጠይቋት ትንፍሽ አትልም፤ ካልጠየቃችኋት ግን ትነግራችኋለች። ዝም የምትለው ስፒል በከንፈሯ ደርድራ ስትሰፋ ብቻ ነው። ያኔም በዓይኗ ታወራለች።

እንግዲህ ይቺ ሴትዮ ጤነኛ ናት፤ ስኳር የለባት፣ ደም ብዛት የለባት። አንድ በሽታ ብቻ አለባት፤ እሱም ከኮሪደሩ ማዶ፣ በር ለበር ነው የሚኖረው። ጡረታ የወጣች አዋላጅ።

አዋላጇ ግማሹን ከተማ በእጇ የተቀበለች ሴት ናት። በዓል በደረሰ ቁጥር ያ ሁሉ የተቀበለችው ሕዝብ ካርድ ይልክላታል። እሷም ሳሎኗን ከግድግዳ ግድግዳ ገመድ ትወጥርና ካርዶቹን በልብስ መቆንጠጫ ትሰቅላቸዋለች። ከዚያ በሯን ወለል አድርጋ ከፍታ ትውላለች። «ሙቀቱ!» ትላለች። ብርድ ቢሆንም ሙቀቱ ነው።

መጋረጃ ሰፊዋ አንድ ዓመት ከኢንሹራንስ የመጣ ካርድ ሰቅላ ነበር። አዋላጇ መነጽሯን አድርጋ አየችውና፣ «ውይ፣ ማኅተም ያለው ዘመድ አለሽ እንዴ?» አለቻት። ካርዱ በዚያው ቀን ወረደ።

በዚያ ሕንፃ ካርድ ሥርዓት አለው። ካርድ የእግር ምትክ ነው፦ ካርድ የላከ አይመጣም፣ የመጣ ካርድ አይልክም። ካርድ ልኮ ደግሞ ደርሶ በር የሚያንኳኳ ሰው፣ ተሰናብቶ ወጥቶ ተመልሶ እንደሚገባ እንግዳ ነው የሚታየው፤ የቤቱ እመቤት ካርዱን ሰቅላ፣ ድስቷን አጥባ ተቀምጣለች። ይህን ሥርዓት ለልጇ በኩርኩም ያስተማረችው ራሷ መጋረጃ ሰፊዋ ናት።

ልጇ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ጢም አብቅሎ፣ ፀጉሩ ሸሽቶ፣ ቦርጭ አውጥቶ እስከ ዛሬ ማሙሽ ነው የሚባለው። ለበዓል ይመጣል። ጫማውን መሐል ቤት ይጥላል፣ ሶፋው ላይ ያንኮራፋል፣ ቧንቧውን ይሠራል፤ እሱ ሲሄድ ቧንቧው ወደ ልማዱ ይመለሳል።

አንድ የበዓል ሰሞን መጋረጃ ሰፊዋ ስኳር ልትበደር ማዶ ገባች። ስኳር ነበራት፤ የገባችው ገመዱን ልታይ ነው። ዓይኗ ከካርድ ካርድ ሲዘል አንዱ ላይ ቀጥ አለ።

«ይሄማ የማሙሽ ጽሑፍ ነው።»

«አዎ፣ በየዓመቱ ይልክልኛል፣ ክፉ አይንካው።»

ካርዱ ላይ፣ «እማማ፣ ያኔ ገና ከመውጣቴ ቂጤን በጥፊ ያልሽውን ዘንድሮም ይቅር ብዬሻለሁ። ልጅሽ» ይላል።

«ልጅሽ?» አለች መጋረጃ ሰፊዋ።

«ምን ታረጊዋለሽ እቴ። መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ እኮ። አንቺማ ዓይንሽን ጨፍነሽ ትጮሂ ነበር።»

ስኳሩን ረስታ ወጣች። የዚያን ቀን የሰፋችው መጋረጃ አንዱ ጎኑ አጭር ሆኖ ባለቤቲቱ እስከ ዛሬ በዚያ በኩል ስትታይ ትኖራለች።

ማሙሽ ለበዓሉ መጣ፣ ጫማውን ጣለ፣ ገና ከመቀመጡ ጀመረችው።

«ለሷ ካርድ፣ ለኔ የጫማ ሽታ?»

«እማዬ፣ ላንቺ እኮ እኔው እመጣለሁ።»

«መምጣትማ ቆጣሪ አንባቢውም ይመጣል።»

«ካርድ ነው የምትፈልጊው?»

«አዎ። ወፍራም ወረቀት። አበባ ያለበት። ብልጭልጭ ቢኖረው አልጠላም።»

«አስበሽበታል?»

«ምኑ ይታሰባል!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ማሙሽ ራሱን አከከ። ይሄ ልጅ ራሱን ሲያክ መፍራት ነበረባት፤ ግን ቅናት የያዘው ሰው ከጎረቤት ቤት በቀር ሌላ አይሰማም።

ለሚቀጥለው በዓል ካርዱ መጣ። ምን ዓይነት ካርድ! የትሪ ያህላል፣ አበባው የሚነቀል ይመስላል፣ ብልጭልጩ እጅ ላይ ይቀራል። ከውስጥ፣ «ለእናቴ፣ እንደፈለግሽው። ልጅሽ» ይላል። መጋረጃ ሰፊዋ ከግድግዳ ግድግዳ ገመድ ወጠረችና ሰቀለችው። አንድ ካርድ ብቻውን፣ መንጋው ጥሏት እንደሄደ ወፍ። በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች።

«ሙቀቱ!» አለች፣ ሹራቧን እየቆለፈች።

አዋላጇ ብቅ አለች። «ማን ላከልሽ?»

«ልጄ ነዋ!»

«ለኔማ ዘንድሮ አልላከም» አለች አዋላጇ፣ ቀስ ብላ።

መጋረጃ ሰፊዋ ይህን ስትሰማ በአንድ ጊዜ አሥር ዓመት የቀነሰላት መሰላት። ግን አዋላጇ ከበሩ ሳትርቅ ዞር አለችና፣ «እንግዲያ ላንቺ አይመጣማ» ብላት ሄደች።

ያን ጊዜ ነው የገባት። ስልኩን አነሳች፤ አስቀመጠች። ምን ልትለው? ካርድህን መልሰህ ውሰድና እግርህን ላክልኝ? እሷ ደግሞ አንገቷ ቢቆረጥ አትለምንም።

የበዓሉ ዕለት ሾርባዋን አማስላ ተቀምጣለች፤ ድስቱ በልማድ የሁለት ሰው ነው። ደረጃው ላይ ኮቴ ሰማች። አንደኛው ተረከዝ የሚጎተት፣ ስታውቀው የኖረችው ኮቴ። ሽርጧን አውልቃ፣ ፀጉሯን ዳብሳ በሩ ላይ ቆመች። ማሙሽ መጣ፣ ደረሰ፣ ኮፍያውን አነሳ።

«ጤና ይስጥልኝ ጎረቤት። እንኳን አደረሰዎት» አለና ዞሮ ማዶ ያለውን በር አንኳኳ።

«ግባ የኔ ልጅ!» አለች አዋላጇ። «ኧረ ጫማህን አታውልቅ!»

መጋረጃ ሰፊዋ ተቀምጣ ሰማች። ሳቅ ሰማች። ማንኪያ ሰማች። ቆየት ብሎ ደግሞ መዶሻ ሰማች፤ የሷ ቧንቧ ጠብ ጠብ ይላል፣ እዚያ ማዶ የልጇ መዶሻ የሰው መደርደሪያ ላይ ቋ ቋ ይላል። «እማማ፣ ያዢልኝ እስቲ!» ሲል እንኳ ሰማች። ሾርባው አረረ። እሷም።

ተነስታ ካርዱን አወረደች። «ለእናቴ» የሚለውን በልብስ መስመሪያ ጠመኔ ልትሰርዝ ሞከረች፤ አልይዝ አለ። እስኪርቢቶ ፈልጋ ድብን አድርጋ ሰረዘችው፣ «ለእማማ» ብላ ጻፈችበት፣ ኮሪደሩን ተሻገረች።

«እትዬ፣ ይሄ ያንቺ ነው። በስህተት እኔ ጋ ገብቶ።»

አዋላጇ መነጽሯን አደረገች። «የኔን ማን ጻፈበት?»

«ፖስታ ቤት።»

ማሙሽ በአፉ ሙሉ ብስኩት ይዞ አንዴ እናቱን፣ አንዴ ካርዱን አየ። መዶሻውን አስቀመጠ። «እማማ፣ ካርድማ ከላክሁልሽ መቀመጤ ነውር ነው።»

«ሻይህን እንኳ…» አለች አዋላጇ። እጅጌውን ይዛ ነበር፤ እንደያዘችው ያወቀችው ኋላ ነው። ለቀቀችው። «ወፍራም ወረቀት ነው» አለችና መቆንጠጫ ፍለጋ ዞረች። መቆንጠጫው እጇ ላይ ነበር፤ እሷ ግን ብዙ ፈለገች። መጋረጃ ሰፊዋ ይህን አየች። የምትለው ነገር ነበራት፣ ግን ልጇን ይዛ ወጣች።

ማሙሽ ቤት ገብቶ ጫማውን መሐል ቤት ጣለ።

«ጫማህን…» ብላ ጀመረችና ተወችው።

«ተጣላን እንዴ እማዬ?»

«ቧንቧውን ሥራ።»

ቧንቧውን ይዞ ሲታገል እሷ የራሷን በር ልትዘጋ ሄደች፤ ሳትዘጋ ቆመች። ማዶ ያለው በር እንደተከፈተ ነው። ካርዱ ተሰቅሏል፤ ሌሎቹ ሁሉ ወዲያና ወዲህ ተገፍተውለት፣ መሐል ላይ፣ እየተብለጨለጨ።

«አየህ? አየህልኝ? የኔን ካርድ መሐል ላይ ሰቀለችው!»

«እማዬ!»

«ለከርሞ ግን እሷም ጋ…»

ማሙሽ ጭንቅላቱን ከቧንቧው ሥር አወጣ። «ለከርሞ ምን?»

መጋረጃ ሰፊዋ ወደ ስፌት መኪናዋ ሄደች። የምትሰፋው ነገር አልነበራትም። ስፒሎቹን አንድ በአንድ አንስታ ከከንፈሯ ደረደረቻቸው፣ አንድም ሳይቀር።