በዓሳ ገዳይ ላይ የወረደ እርግማን

ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ ከመካነ ሰላም ቁልቁል ወርደን የወንዛችን ኩሬ ጋ ስንደርስ ውሃው ነጭ ሆኖ ጠበቀን... ጠጋ ብዬ ሳየው የዓሳ ሆድ ነው። ጣት የማያክሉ የዓሳ ልጆች ሆዳቸውን ወደ ሰማይ ሰጥተው ኩሬውን ሞልተውታል። የሚንቀሳቀስ አንድም የለም።

እኔ ወሬ ከጀመርኩ ማቆሚያ የለኝም፣ ታውቁኛላችሁ። እንግዲህ ታገሱኝ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ክረምት ሲገባ ዓሳው ከዓባይ ተነስቶ ወንዝ ወንዙን ሽቅብ ይወጣል። እኛ ጋ ሲደርስ ጠጠሩ ላይ እንቁላሉን ይጥላል። ድሮ ይህንኑ ጊዜ ጠብቀው ብርብራ የሚባለውን የዛፍ ፍሬ ወቅጠው ውሃውን ይመርዙና ዓሳውን በጆንያ ይዝቁት ነበር። በኋላ የክርስቲያኑ ቅሬና የእስላሙ ቅሬ፣ ያው የቀብር ማህበሮቻችን፣ ከግብርና ሰዎች ጋር ተስማማን። ዳር ዳሩን ዛፍ ተከልን፣ ከብት እንዳይረግጠው አጠርን፣ እስከ ኅዳር ድረስ ማንም ዓሳ እንዳያጠምድ ከለከልን። እኔም የሴቶቹ ሰብሳቢ ሆንኩላችሁ! ዘንድሮ የዓሳ ልጆች ሲርመሰመሱ ሳይ የፈነደቅሁት... ልጄን ስድር እንኳ እንዲያ አልሆንኩም።

በማግስቱ አርብ ደግሞ ከደጎሎና ከከላላ ሥራችንን ሊያዩ እንግዶች ይመጣሉ፤ ሁላችንም የወረድነው ቦታውን ልናሰናዳ ነበር። የምናሳያቸው እንግዲህ ይሄው... የዓሳ ሬሳ።

«እንድሪስ ነው!» አለ አንዱ ከኋላ።

እንድሪስ የኩሬው ጠባቂ ነው። ድሮ ግን ብርብራ በመውቀጥ የሚስተካከለው አልነበረም። ትንሽ ልጁን ታቅፎ ዳር ላይ ቆሟል።

«ወላሂ እኔ አይደለሁም» አለ።

«ሌባ መቼ ነኝ ብሎ ያውቃል!»

«ኧረ ሰዎች! እኔ ብሆን ዓሳውን ለማን ትቼው እሄዳለሁ?»

ማን ይስማው። ሼህ ሰይድ፣ የሰፈራችን ትልቅ ሽማግሌ፣ እጃቸውን ዘረጉ። እኛ አገር ጥፋተኛው አልታወቅ ሲል ሽማግሌ ይራገማል፤ ክርስቲያን እስላም ሳይል ሁሉም አሚን ይላል።

«ይችን ውሃ የመረዘ!»

«አሚን!»

«የዘራው አይብቀልለት!»

«አሚን!»

«የዓሳውን ልጅ እንደጨረሰ፣ እሱም የልጅ ልጁን አይይ!»

«አሚን!»

ከሁሉም የኔ ድምፅ ይበልጣል። ዓይኔን እንድሪስ ላይ ተክዬ ነው የምለው። እሱም አሚን ይላል... የልጁን ጆሮ በመዳፉ ሸፍኖ።

እርግማኑ ሲያበቃ ጓደኛዬ ሩቅያ «ነይ ሽቅብ እንውጣ፤ የብርብራው ገለባ የሆነ ቦታ ወድቆ ይሆናል» አለችኝ። ወንዙን ተከትለን ወጣን። ግራ ቀኙ የሞተ ዓሳ ነው። ወፍ የለ፣ እንቁራሪት የለ... ጭር ብሏል።

አንድ ሰፊ ድንጋይ ጋ ደረስን። ከድንጋዩ በላይ ዓሳው ሽው ሽው እያለ ይጫወታል። ከድንጋዩ በታች ሬሳ ብቻ።

ሩቅያ ድንጋዩን አየች። እኔም አየሁ። ስንጥቁ ውስጥ የተወቀጠ እንዶድ ተለጥፎ ደርቋል።

«ዘነቡ...» አለች።

«ዝም በይ።»

«ዘነቡ፣ ይሄ እኮ ረቡዕ እኛ...»

«ዝም በይ አልኩሽ!»

ረቡዕ ዕለት የማህበሩ ሴቶች እንግዶቹን ነጭ በነጭ ሆነን እንቀበል ብለን (ሐሳቡ የኔው ነው) ነጠላና ጋቢያችንን እዚያ ድንጋይ ላይ በእንዶድ ስናጥብ ነው የዋልነው። እንዶድ ልብስ እንደሚያነጣ እንጂ ዓሳ እንደሚፈጅ ማን አስቦ!

ልጄ እኮ ወሯ ገብቶ ቤት ተኝታለች። የመጀመሪያ የልጅ ልጄ ነው። «የልጅ ልጁን አይይ» ሲባል ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል አሚን እያልኩ የጮህኩት እኔ ነኝ!

ሩቅያ እጄን ይዛ ጎትታ መለሰችኝ። ሰዉ ገና አልተበተነም። ሼህ ሰይድ ፊት ተንበርክኬ ሁሉንም ተናገርኩ። ይሄኔ አንዷ «ውይ፣ የኔም ጋቢ ነበረበት» አለች። ሌላዋም «የኔም» አለች። ግማሹ መንደር ራሱን ረግሞ ቆሟል። አንዳንዱ ሊስቅ ከጅሎት የሼሁን ፊት ሲያይ ዋጠው።

እንድሪስ እግር ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ያዘኝ። «አብሽሪ እቴ ዘነቡ፣ እኔ አፉ ብያለሁ» አለኝ።

«በሉ ሼህዬ፣ ይቅር ብሎኛል፤ እርግማኑን ያንሱልን!»

እጃቸውን ዘረጉ። መልሰው አወረዱት።

«እርግማን የሚነሳው ተበዳይ አፉ ሲል ነው» አሉ።

«እንድሪስ አለ እኮ!»

«እንድሪስማ ስሙ ነው የጠፋ። ልጆቹ ያለቁበት ዓሳው አይደለም?»

«ዓሳ እንዴት አድርጎ አፉ ይላል?»

ውሃውን ትክ ብለው አዩት። «ለከርሞ ክረምት ተመልሶ ከመጣ... አፉ ብሏል።»

አርብ ለእንግዶቹ የሆነውን እንዳለ ነገርናቸው። ሁለቱ ቅሬዎችም እንዶድ ወንዙ አጠገብ እንዳይደርስ ወሰኑ። ቅዳሜ ልጄ በሰላም ተገላገለች! ወንድ ነው፣ ጉንጩ ድብልብል ያለ! እልልታዬ አጅባር ድረስ ተሰምቷል ብል አላጋነንኩም።

ሼህ ሰይድ ሊጠይቁን መጥተው ሕፃኑን መረቁልን። እኔም ደስታው አላስችለኝ አለና «ይኸው ሼህዬ፣ የልጅ ልጄን አየሁ! እርግማኑ አልያዘኝም ማለት ነው» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «ክረምቱ ገና ነው» ብለው ወጡ።

ሰው የሹም ደጅ ይጠናል... እኔ የዓሳ ደጅ እየጠናሁ ነው።