ስልሳ ሁለተኛዋ ፎቶ

ቅዳሜ ከቀኑ አስር ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኬ ጠራ። ሰዓቱን የማስታውሰው ሙቀቱ በረድ ብሎልኝ መስኮቴን የከፈትኩት ልክ በዚያን ጊዜ ስለነበር ነው። የደወለችው ደንበኛዬ ነበረች። የሙሽራ ልብስና ጌጥ የምታከራይ፣ ሃምሳዎቹን ያጋመሰች የሶማሌ ነጋዴ ናት። ከዓመት በፊት ለሱቋ ዌብሳይት ሠርቼላት ነበር፤ ከዚያ ወዲህም የምከታተልላት እኔ ነበርኩ።

«አባዮ፣ እኔ ሄጃለሁ» አለችኝ።

«የት?»

«ጅግጅጋ፣ ልጄ ጋ። ሱቁንም ይዤው ነው የምሄደው። ሰኞ ጠዋት አይሱዙ ይመጣል። ዌብሳይቱን ከእንግዲህ የልጄ ባል ነው የሚይዘው። ኮምፒውተር ይችላል።»

«አባዮ» የምትለኝ እህቴ ለማለት ነው። እኔ የምጠራት «ኤዶ» ብዬ ነው፤ አክስቴ እንደማለት። መጀመሪያ ሰሞን «እርስዎ» እላት ነበር። «አቦ ተይኝ! እርስዎ ስትዪኝ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ እየመሰለኝ እዞራለሁ» ብላ አስቆመችኝ።

«እሺ ኤዶ፣ ፓስወርዱንና ሰነዱን በቴሌግራም እልክልሻለሁ» አልኳት።

«በቴሌግራም? ሱቅ በቴሌግራም ይረከባሉ እንዴ? ነገ አስር ሰዓት ሱቅ ነይ። ምስክር ጠርቻለሁ።»

«የምን ምስክር?»

«የርክክብ ነዋ! እናቴ ይሄን ሱቅ ስታስረክበኝ ሁለት ሰው ቆሞ አይቶ፣ ቆጥሮ፣ ፈርሞ ነው። ያልተቆጠረ ነገር ተረክቤ አላውቅም።»

እኔ ስልክ ከመደወሌ በፊት የምናገረውን ወረቀት ላይ የምጽፍ ሰው ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ስማር ካስደሰቱኝ ነገሮች አንዱ፣ ሥራው ከማሽን ጋር እንጂ ከሰው ጋር ብዙ የማያነጋግር መሆኑ ነበር። አሁን ግን በምስክር ፊት መቆሜ ነው። ጭንቀቴን ለማስታገስ የማውቀውን ብቸኛ ነገር አደረግሁ፤ ሰነድ ጻፍኩ። ሦስት ገጽ ሙሉ የርክክብ ሰነድ፣ ከነሠንጠረዡ። ገጾች ሰባት። የደንበኛ መጠየቂያ ቅጽ አንድ። ምስሎች ስልሳ ሁለት። በቴሌግራም ላክሁላትና «አሳትሚው» አልኳት። ወዲያው የአውራ ጣት ምልክት መለሰችልኝ።

ላፕቶፑን ልዘጋ ስል ነው ስልሳ ሁለተኛዋ ፎቶ ትዝ ያለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዌብሳይቱን ስሠራ ልብሶቹን ለብሳ ፎቶ ለመነሳት እሺ ያለች ሴት አልተገኘችም። የሱቁ አሻንጉሊት ደግሞ ግራ እጇ የለም። ኤዶ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «አንቺ ልበሺው፤ ቁመትሽ ጥሩ ነው» አለችኝ። እምቢ ማለት ስለማልችልበት ለበስኩ። ካሜራውን በባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አድርጌ፣ ከአንገቴ በታች ብቻ እንዲያነሳ አስተካክዬ፣ ቁልፉን እየተጫንኩ እሮጥና እቆም ነበር። ኤዶ «አንድ ልብስ፣ አንድ ፎቶ» ስላለች ስልሳ አንድ ልብስ ለብሼ ስልሳ አንድ ፎቶ ተነሳሁ። መሐል ላይ ግን ራበኝ። ኤዶ ሳምቡሳ አስመጥታ ነበርና ወርቃማዋን ዲሪያ፣ የሶማሌ ሙሽራ ረጅም ቀሚስ፣ ከነወርቋ እንደለበስኩ ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ቁጭ ስል አንገቴ የነበረበት ቦታ ላይ ፊቴ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። የካሜራውን ቁልፍ በስህተት ደግሜ ተጭኜው እንደነበርም አላወቅሁም።

ፎቶዋ ላይ ግንባሬ ላይ ወርቅ ተንጠልጥሏል፣ አንዱ ጉንጬ በሳምቡሳ ተወጥሯል፣ ዓይኔ ፈጧል። ከሌሎቹ ጋር አብራ ዌብሳይቱ ላይ ተጭናለች። የትኛውም ገጽ ላይ አትታይም፤ የምስል ማከማቻው ውስጥ ዝም ብላ ተቀምጣለች። ስንት ጊዜ ልሰርዛት አስቤ ሳቄ እየመጣ ለነገ ትቻታለሁ። አሁን ግን ነገ የለም። ፓስወርዱ ከእጄ ከወጣ በኋላ ጅግጅጋ ያለ የማላውቀው ሰው ማከማቻውን ከፍቶ እኔን ያገኘኛል። ፎቶ ደግሞ በዚህ ዘመን ከጅግጅጋ ድሬ ለመመለስ አይሱዙ አያስፈልገውም። ሰፈሬ ሳይደርስ «ያቺ ዝምተኛዋ ልጅ አገባች» ይባላል፤ ያውም እየበላች።

ሰረዝኳት። ተገላገልኩ ብዬ ተኛሁ። ሰነዱ ላይ «ስልሳ ሁለት» ብዬ መጻፌ ትዝ አላለኝም።

እሑድ አስር ሰዓት ሱቁ ስደርስ መደርደሪያው ባዶ ነው። አስራ ዘጠኝ ካርቶን በገመድ ታስሮ ግድግዳው ሥር ተደርድሯል። ማራገቢያው ከላይ እየጮኸ ይዞራል። ምስክሮቹ ቀድመውኝ መጥተዋል። አንደኛው ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው፤ ድሮ የዕቃ ጫኝ ፉርጎዎች ተቆጣጣሪ ነበሩ። የሥራ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ቀይ እስክሪብቶና ማስመሪያ ይዘው ተቀምጠዋል። ሁለተኛው ጎረቤት ያለው ልብስ ሰፊ ነው፤ ሽርጡን እንዳገለደመ፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ሥራውን ጥሎ መጥቷል።

ሽማግሌው ሰነዴን አንስተው «ማን ነው ያዘጋጀው?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«ጥሩ ሰነድ ነው። ንብረቱ የት ነው የሚገኘው?»

«ሰርቨር ላይ።»

«ሰርቨሩስ?»

«ጀርመን አገር።»

ማስመሪያቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ታዲያ እኛ ድሬዳዋ ቁጭ ብለን ምኑን ነው የምንረከበው?»

«አዴር፣ ቁልፉን ነው» አለች ኤዶ። ሽማግሌውን አዴር፣ አጎቴ እያለች ነው የምትጠራቸው። «ንብረቱ እዚያ ይሁን፤ እኛ በመስኮት እናየዋለን፣ እንቆጥረዋለን፣ ከዚያ ቁልፉን ትሰጠኛለች።»

«በመስኮት ከሆነ ይሁን» አሉ።

ላፕቶፑን ከፈትኩ። ሰባቱን ገጽ አንድ በአንድ አዩ፤ በየአንዳንዱ አጠገብ በቀይ ምልክት አደረጉ። የመጠየቂያ ቅጹን ልብስ ሰፊው ራሱ ሞልቶ «ሱሪ ትሰፋላችሁ?» ብሎ ላከ፤ ኤዶ ስልክ ላይ ሲደርስ አጨበጨበ። ከዚያ ምስሎቹ መጡ። ሽማግሌው የእስክሪብቶውን ጫፍ በስክሪኑ ላይ እያስኬዱ ቆጠሩ።

«ስልሳ አንድ» አሉ።

ያን ጊዜ ነው ሰነዱ ትዝ ያለኝ።

«ስልሳ ሁለት ነው የሚለው» አሉ ደግሞ።

«ወላሂ ዘለህ ይሆናል» አለ ልብስ ሰፊው። መቁጠሪያውን አውጥቶ ራሱ ቆጠረ። ስልሳ አንድ።

ኤዶ ከወንበሯ ተነሳች። «አንድ ልብስ፣ አንድ ፎቶ ነው። ፎቶው ከሌለ ልብሱ የለም ማለት ነው! እኔ ልብሶቼ ስልሳ አንድ ናቸው ነበር የምለው። ግን ይቺ የተማረች ልጅ ስልሳ ሁለት ብላ ከጻፈች ስልሳ ሁለት ነው። እሷ እንደሆነች አትሳሳትም።»

እኔ የዚያን ቀን ብሳሳት ምን ነበረበት?

«ኤዶ…» አልኩ። የማራገቢያው ጩኸት ድምፄን ዋጠው። እሷ የመጀመሪያውን ካርቶን ገመድ መቁረጥ ጀምራለች። ዲሪያ በዲሪያ ላይ፣ ሻሽ በሻሽ ላይ እየተጎተተ ወጣ። «እኔ ነኝ…» አልኩ። «አዎ አንቺ ነሽ፣ ነይ ያዥልኝ» ብላ አንድ ክንድ ሙሉ ልብስ አሸከመችኝ። በልብሱ ሥር ድምፄ ጨርሶ ጠፋ። ሁለተኛው ካርቶን ተከፈተ፣ አምስተኛው፣ ዘጠነኛው። ሽማግሌው ማስመሪያቸውን ይዘው በየተራ ይመዘግባሉ። ሱቁ ውስጥ እግር ማሳረፊያ ጠፋ። ልብሱ ከአገጬ በላይ ደርሶ ዓይኔ ብቻ ቀርቷል።

አስራ ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ኤዶ ድንገት ቀና ብላ ልብስ ሰፊው ላይ አፈጠጠች።

«ወሪያ! በረመዳን ዋዜማ ጠርዙን ስፋልኝ ብዬ የሰጠሁህ ዲሪያ!»

«መልሻለሁ! በማግስቱ ነው የመለስኩት!»

«አረንጓዴዋን ነው የመለስከው!»

«አረንጓዴዋን ነው የሰጠሽኝ!»

«ሚስትህ ሰርግ ላይ ምን ለብሳ ነበር?»

«ሚስቴ?» አለ፤ ሜትሩን ከአንገቱ አውልቆ ወደ ሰማይ እያሳየ። «ሚስቴ የአንቺ ልብስ ውስጥ ትገባለች? አንዷ እጇ እንኳ አይገባም! ወላሂ፣ በዚህ ሜትር ለክቻታለሁ!»

ሽማግሌው «ተጠርጣሪ» ብለው መጻፍ ጀመሩ።

ያ ነው ያስጮኸኝ። ሃያ ዓመት ጎረቤቷ የነበረ ሰው ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀራት በእኔ ሳምቡሳ የተነሳ ሌባ ሊባል ነው። የያዝኩትን ልብስ ሁሉ ወለሉ ላይ ጣልኩትና በሕይወቴ አውጥቼ በማላውቀው ድምፅ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት!» አልኩ።

ሦስቱም ዞሩ።

«ልብሱን?» አለች ኤዶ።

«ፎቶውን። ልብስ አልጠፋም። ልብሶችሽ ስልሳ አንድ ናቸው። አንዷ ፎቶ የእኔ ነበረች፤ ትናንት ሰረዝኳት።»

«የጠፋ ንብረት ይመለሳል?» አሉ ሽማግሌው።

«የተሰረዙ ምስሎች የሚጣሉበት ቅርጫት ውስጥ አለች።»

«እንግዲያው ትምጣ። ያላየሁትን ጠፍቷል ብዬ አልፈርምም።»

መለስኳት። ኢንተርኔቱ ዘገምተኛ ስለነበር ፎቶዋ ከላይ ወደ ታች በጥቂት በጥቂቱ ነው የተከፈተችው። መጀመሪያ ወርቁ መጣ። ቀጥሎ ሁለት ዓይን። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ ጉንጬ።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ፎቶዋን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና ፎቶዋን አዩ። «ራሷ ናት» ብለው መዘገቡ። ልብስ ሰፊው ወደ ስክሪኑ ተጠግቶ «ዘይት ልብሱን ነክቶት ይሆን?» አለ። ኤዶ ግን በሳቅ ብዛት የካርቶኖቹ ክምር ላይ ቁጭ አለች፤ ከሥሯ የነበረው ካርቶንም ጭፍልቅ አለ።

«አባዮ፣ ይቺን ለምን ደበቅሽኝ? ይቺ ናት ፊት ገጽ ላይ መሆን የነበረባት! እስቲ እዪያት፣ ጠግባ የበላች ሙሽራ። የሙሽራ እናት ይህን አይታ ዲሪያ ሳትከራይ አትሄድም። እንዲያውም ለልጄ ባል እነግረዋለሁ፤ ትልቅ አድርጎ ያወጣታል።»

«አይሆንም» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«አይሆንም፣ ኤዶ። እሷ ካለች ፓስወርዱን አልሰጥም።»

ኤዶ ሳቋን አቁማ አየችኝ። ወደ ሽማግሌው ዞራ «ሰማህ አዴር? ዓመት ሙሉ እሺ እሺ ስትለኝ ነው የኖረችው» አለች። የተቆጣች አልመሰለችም። አዲስ ዕቃ ሲመጣላት የምታይበት አስተያየት ነበር።

ሽማግሌው እስክሪብቶውን አነሱ። «ባቡር ላይ በስህተት የተጫነ ዕቃ ባለቤቱ ከመጣ፣ ማንነቱ ተረጋግጦ፣ አስፈርመነው እንሰጠዋለን። ባለቤቷ መጥታለች። ማንነቷም ተረጋግጧል፤ ጉንጯ ብቻ ነው የቀነሰው። ትፈርም።»

እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «አንድ ፎቶ፣ በስህተት የተጫነ፣ ባለቤቷ ተረክባለች።» የራሴን ፊት ፈርሜ ተረከብኩ። ፎቶዋን ለዘለቄታው ሳጠፋት ሁለቱም ምስክሮች ከጀርባዬ ቆመው አዩ። «62» የሚለው ላይ በማስመሪያ መስመር ተሰምሮበት «61» ተባለ፤ አራታችንም ከጎኑ ፈረምን። ኤዶ ልብስ ሰፊውን «አውፍ በለኝ» ብላ ይቅርታ ጠየቀችው። «ስለ ሚስቴስ?» አለ። «ለእሷ ራሷ እደውልላታለሁ» አለችው።

ፓስወርዱን ወረቀት ላይ ልጽፍ ስል ሽማግሌው «ቁልፍ ምስክር አያየውም» ብለው ልብስ ሰፊውን በትከሻው አዙረው ሁለቱም ወደ ግድግዳው ቆሙ።

«እኔ መነጽሬን አላመጣሁም» አለ ልብስ ሰፊው ግድግዳውን እያየ። «ብዞርም ባልዞርም ያው ነው።»

«ዙር። ሥርዓት ነው።»

ኤዶ እዚያው በስልኳ ገብታ ፓስወርዱን ቀየረችው። ላፕቶፔ ላይ የነበረው ዌብሳይት ወዲያው አስወጣኝ። የመግሪብ አዛን ሲሰማ ምስክሮቹ ሄዱ። እኔና ኤዶ በተበተነው ልብስና በተቆረጠ ገመድ መሐል ቀረን። አይሱዙው ጠዋት አስራ ሁለት ተኩል ላይ ይደርሳል። ልረዳት ስል «ዛሬ በቃኝ፣ ደክሞኛል፣ ሂጂ» ብላ አስወጣችኝ።

በማግስቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ገና ሳይነጋ፣ ባጃጅ ይዤ ሱቁ በር ላይ ደረስኩ። ከቤት አንድ ጥቅል ገመድ ይዤ ነበር። ኤዶ በሩን ስትከፍት ወለሉ ላይ ተቀመጥንና አጠፍን። እሷ ታጥፋለች፣ እኔ ካርቶን ውስጥ እደረድራለሁ፤ በየካርቶኑ ላይ ውስጡ ያለውን በቁጥር ጻፍኩበት። የተጨፈለቀውን ካርቶን በገመድ ሦስት ዙር አሰርኩት። አይሱዙው ሲመጣ ሾፌሩ ከጋቢናው ሳይወርድ «ስንት ነው ዕቃው?» ብሎ ጮኸ። ኤዶ እኔን አየች። ጭነቱ ጋ ሄጄ ቆምኩና፣ መንገድ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ፣ እያንዳንዱ ካርቶን ሲጫን ከአንድ ጀምሬ እስከ አስራ ዘጠኝ ጮክ ብዬ ቆጠርኩ።