ከነጀሶዋ ክርስትና የተነሣችው ልጅ

አሳየች እጇ አፈር የለመደ ሴት ናት። ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ተዳፋት ላይ ባለው የችግኝ ጣቢያ ከልጅነቷ ጀምሮ ሠርታለች። ጥቁር ፕላስቲክ በአፈር ትሞላለች፣ ፍሬ ትዘራለች፣ የበቀለውን ታጠጣለች፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ሌሎች ወስደው ለሚተክሉት ታስረክባለች። ለስንቱ ሰው ዛፍ ስታሳድግ ለራሷ ግን ልጅ ሳታቅፍ ዕድሜዋ ወደ አርባ ተጠጋ። ሁለት ጊዜ ፀንሳ ሁለቱም ሳይጸና ቀርቷል። ባሏ ሊሊሳ ልስን የሚለስን ግንበኛ ነው፤ ዝምተኛ ቢሆንም ሲናገር ያስቃል። «እግዜር የረሳን እንዳይመስልሽ» ይላት ነበር፤ «ሰልፉ ረዝሞ ነው፤ እኛ ደግሞ ከኋላ ነን።»

ሰልፉ አንድ ቀን ደረሳቸው። ሴት ልጅ ተወለደች። ሊሊሳ በእናቱ ቋንቋ ኡርጂ አላት፣ ኮከብ ማለቱ ነው።

አዋላጇ ሕፃኗን ጠራርጋ እናቷ ደረት ላይ ስታኖራት ፊቷ ላይ አንድ ነገር አለፈ። አሳየች ያንን አየችና የልጇን እግር ገልጣ ተመለከተች። ሁለቱም እግሮች ከቁርጭምጭሚታቸው ወደ ውስጥ ዞረዋል፤ ውስጥ እግራቸው እርስ በርስ ይተያያል፤ ተረከዛቸውም ወደ ላይ ተሰቅሏል። አሳየች አላለቀሰችም። ልጅቱ ስትጮህ ሰማቻትና ድምፅ ስላላት ብቻ አምላኳን አመሰገነች። ልቅሶው ሌላ ቀን መጣ።

የባሏ እናት እማማ ዲንቄ በማግስቱ መጥተው አዩና ፎጣውን መልሰው ሸፈኑት። ክፋት አልነበረባቸውም። በልጅነታቸው እንዲህ ያለ እግር ይዛ የተወለደች ጎረቤት ነበረቻቸው። ያቺ ጎረቤት በእግሯ ጠርዝ እየረገጠች አደገች፤ ጠርዙ ላይ ያለው ቆዳ ደድሮ ይሰነጠቅባታል፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ወገቧን ያማታል፤ ቁልቁለት በበዛበት በዚያ ሰፈር ከቤቷ ርቃ ሳትሄድ አረጀች። እማማ ዲንቄ የልጅ ልጃቸውን እግር ሲያዩ የመጣባቸው የእሷ ኑሮ ነበር።

ኡርጂ ለክትባት ጤና ጣቢያ ስትሄድ ነርሷ አየቻትና ወደ አንድ የማስተማሪያ ሆስፒታል ላከቻቸው። እዚያ አንዲት ዶክተር ነጭ ጋዋን በለበሱ ተማሪዎች ተከባ የልጅቱን እግር በሁለት ጣቷ ያዝ አደረገች።

«ቆልማማ እግር ይባላል» አለች፣ ግማሹን ለተማሪዎቿ፣ ግማሹን ለአሳየች። «ከሺህ ሕፃን አንዱ እንዲህ ሆኖ ይወለዳል። ብርድ አይደለም፣ የሰው ዓይን አይደለም፣ እናትየው ያጠፋችውም ነገር የለም። አሁን ጅማቱ ይለጠጣል፣ አጥንቱም ገና ለስላሳ ነው። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ በእጅ እያቃናን፣ የደረሰበትን በጀሶ እናስረዋለን።»

አሳየች ከዚህ ሁሉ የያዘችው «እናትየው ያጠፋችው ነገር የለም» የሚለውን ነበር። ያን ቀን ነው ያለቀሰችው።

ጀሶውን የሚያስረው ፊልሞና የሚባል የአያት ሰፈር ሰው ነው። ጴንጤ ነው፤ ያገኘውን ሁሉ «ወንድም»፣ «እህት» ስለሚል ጀሶ ቤት ያለው ሰው በሙሉ እሱንም «ወንድም ፊልሞና» ይለዋል። እናቶችን በልጃቸው ስም ይጠራል፤ አሳየችም ከዚያች ቀን ጀምሮ የኡርጂ እናት ሆነች። ሊሊሳ መጀመሪያ ቀን የጀሶውን አሠራር ቆሞ ሲያይ ቆየና «ይሄማ የእኔው ልስን ነው፤ እኔ ቤት ውስጥ ልሥራላት» አለው።

«ያንተ ግድግዳ አይራገጥም» አለ ፊልሞና፣ ቀና ሳይል።

ሳምንቶቹ እንዲህ አለፉ። በቀጠሮው ቀን ጠዋት አሳየች ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ታዘጋጃለች፤ ኡርጂን ቁጭ አድርጋ ጀሶውን ታርሰዋለች፤ ሲላላ ጫፉን ፈልጋ እንደ ፋሻ ትተረትረዋለች። ይህን ክሊኒኩ ራሱ ነው ያስተማራት። ከዚያ እሷና ልጇ በሚኒባስ ይወርዳሉ፣ ፊልሞና አዲሱን ያስራል። በየሳምንቱ እግሩ ትንሽ ወደ ውጭ ይዞራል። ችግኝ ቀን በቀን ሲያድግ ለማየት የለመደ ዓይኗ ይህንንም አየ፤ በተመለሰች ቁጥር የካ ሚካኤል ደጅ ቆም ብላ ትሳለማለች።

በመጨረሻ እግሮቹ ዞሩ፤ ተረከዙ ግን አልወርድ አለ። ዶክተሯ የተረከዙን ጅማት በትንሽ ምላጭ ነካ አድርጋ ቆረጠችውና እግሩ ወደ ላይ ታጠፈ። «ይሄ ጀሶ ለሦስት ሳምንት አይነካም» ብለው ሸኟት። አሳየች ይህን ስትሰማ የገባት ቀጠሮው መራቁ ብቻ ነበር።

የሴት ልጅ ክርስትና በሰማንያ ቀኗ ነው። ሰማንያው ደግሞ በዚያ ጀሶ መካከል፣ እሑድ ላይ ዋለ።

«ታዲያ ምን ቸገረሽ?» አሉ እማማ ዲንቄ። «በየሳምንቱ አንቺው አይደለሽም እንዴ የምትፈቺው? ቅዳሜ ፍቺው፤ እሑድ በንጹሕ ገላዋ ትጠመቅ፤ ሰኞ ያ ጴንጤሽ መልሶ ይሰረው።»

ነገሩ አሳየችን አሳመናት። ሁለት ቀን ምን ያመጣል? ያልጸኑላት ሁለት ፅንሶች ክርስትና ሳያዩ መቅረታቸው ውስጥ ውስጡን ይበላት ነበርና ይህችን ቀን አንድ ሰዓት እንኳ ማሳለፍ አልፈለገችም። ቅዳሜ ከሰዓት ውሃ አሞቀች፣ ሳፋውን አቀረበች፣ ኡርጂን ጭኗ ላይ አኖረች። ሰኞ ተራ እንዳይበዛባት ብላ አስቀድማ ለፊልሞና ደወለች።

«ወንድም ፊልሞና፣ ሰኞ ጠዋት ብመጣ ታስርልኛለህ? ነገ ክርስትናዋ ስለሆነ አሁን ልፈታው ነው።»

ፊልሞና ወዲያው ጠየቃት። «ውሃው የት ነው?»

«ሳፋ ውስጥ።»

«ልጅቱስ?»

«ጭኔ ላይ።»

«እሷን አልጋ ላይ አስተኚያት፤ ሳፋውን ደጅ ድፊው። ስልኩን ሳትዘጊ።»

አሳየች ውሃውን ደፋችው። ከዚያ ፊልሞና በቀስታ አስረዳት። የበፊቶቹ ጀሶዎች ቢፈቱ የሚጠፋው የአንድ ሳምንት ሥራ ነበር። አሁን ግን ጅማቱ ተቆርጧል፤ በሁለቱ ጫፎች መካከል አዲስ ጅማት እየበቀለ ነው። እግሩ እንደታጠፈ ከቆየ ጅማቱ ረዥም ሆኖ ይገጥማል። አሁን ተፈትቶ እግሩ ከወደቀ ግን አጥሮ ይገጥማል፣ ተረከዙም ተመልሶ ይሰቀላል። «የመጣንበትን መንገድ ሁሉ ታስመልሺናለሽ» አላት።

«ክርስትናውስ?» አለች አሳየች።

«እኛ ዘንድ ሕፃን አይጠመቅም፤ ስለዚህ እኔን አትጠይቂኝ። ቄሱን ጠይቂ። የት ነው፣ ስንት ሰዓትስ ነው ነገ?»

«የካ ሚካኤል፣ ጎህ ሲቀድ ነው።»

አሳየች ነጠላዋን ጣል አድርጋ ልጇን አዝላ ወደ የካ ሚካኤል ወረደች፤ እማማ ዲንቄም ተከተሏት። የንስሐ አባቷን ቄስ ኃይለጊዮርጊስን ደጀ ሰላሙ ጋ አገኘቻቸውና ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረቻቸው። እሳቸው ጀሶውን ዳበስ አደረጉት።

«ይሄ ውሃ አይወድም?»

«አይወድም አባ።»

«እንግዲያው አናስገባትም። ገንዳ ውስጥ መግባት ለማይችል ሕመምተኛ ውሃው ከራሱ ላይ በእጅ እየታፈሰ ሦስት ጊዜ ይፈስስለታል። ሥርዓቱ የታመመ ሰው እንዳለ ያውቃል፣ ልጄ። እግሯን ጠቅልለሽ አምጪያት።»

«እግሯስ?» አሉ እማማ ዲንቄ። «እግሯ ሳይጠመቅ ሊቀር ነው?»

ቄሱ ፈገግ አሉ። «እማማ፣ ጥምቀት ለነፍሷ ነው። ነፍሷ ደግሞ እግሯ ውስጥ ለብቻዋ የተቀመጠ ቁራጭ የላትም።»

እማማ ዲንቄ እስከ ቤት ድረስ ሲያጉረመርሙ ሄዱ።

እሑድ ገና ሳይነጋ የክርስትና እናቷ ሳምራ መጣች፤ ከአሳየች ጋር ችግኝ ጣቢያ የምትሠራ ጓደኛዋ ናት። የኡርጂን ሁለት እግሮች እስከ ጭኗ ድረስ በፌስታል ላይ ፌስታል ጠቅልለው በፋሻ አሰሩ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሲደርሱ ከአጥሩ ሥር አንድ ሰው ቦርሳ ታቅፎ ቆሟል። ፊልሞና ነው።

«ምን ልታደርግ መጣህ?» አለው ሊሊሳ ደንግጦ።

«ውሃና ጀሶ አንድ ቦታ ሲገናኙ እኔ ቤቴ አልተኛም። ይሄን ይዣለሁ» አለና የጀሶ ፋሻዎቹን በቦርሳው ላይ መታ መታ አደረገ።

«ግባ እንጂ ታዲያ።»

«እዚህ ይሻለኛል። ከገባሁ ለልጅቱ የተዘጋጀውን ውሃ እኔ ላይ ያፈሱብኛል።»

ሊሊሳ ሳቀ። አሳየች ግን መሳቅ አቃታት። ይህ ሰው በዕረፍት ቀኑ፣ በዚህ ብርድ፣ የእሱ ላልሆነ ሥርዓት ከአያት መምጣቱን ስታስብ ዝቅ ብላ እጅ ነሣችው።

ጸሎቱ ተደረሰ። ሳምራ የኡርጂን እግሮች ከገንዳው ውጭ ይዛ ቆመች። ቄስ ኃይለጊዮርጊስ ውሃውን በእጃቸው እያፈሱ በአብ ስም አፈሰሱባት፤ በወልድ ስም አፈሰሱባት። በመንፈስ ቅዱስ ስም ሲያፈስሱባት ኡርጂ ብርዱ ገረፋትና ወገቧን ለጥጣ አንድ እግሯን ከሳምራ እጅ ነጠቀች። ውሃው በጀርባዋ ወርዶ በፌስታሉ አፍ ወደ ግራ ጭኗ ገባ። ሜሮን ተቀባች፣ ማተብ አንገቷ ላይ ታሰረላት፣ ቅዳሴው ሲደርስ ቆረበች፤ ስሟም ወለተ ሚካኤል ተባለ። አሳየች እስከዚያ ድረስ እግሩን ለመንካት ፈራች።

ከበሩ ውጭ ፌስታሉ ሲፈታ የግራው ጀሶ ከጉልበት በላይ እንደ ቡኮ ላላ ብሏል። ፊልሞና ጣቶቿን አየ። «ጣቶቿ ወደ ውስጥ ሸሽተዋል» አለ። «ጀሶው እየተንሸራተተ ነው። ቤት ቅርብ ነው?»

የእማማ ዲንቄ ቤት ቅርብ ነበር። ለክርስትናው የተጠሩ ሰዎች ዳቦው እስኪቆረስ ተሰብስበዋል። ፊልሞና አግዳሚ ወንበር አስለቅቆ፣ እጁን ታጥቦ፣ አሳየችን ከፊት ለፊቱ አስቀመጣት።

«ሆስፒታል ቢሆን ረዳት ነበረኝ። አሁን አንቺ ነሽ። አሮጌውን ስፈታ እግሩ ወደ ታች እንዳይወርድ በመዳፍሽ ከሥር ደግፊው። ሳትጫኚ፣ ሳትለቂ።»

«እጄ ሻካራ ነው» አለች።

«ሻካራ እጅ አያንሸራትትም፤ ያዢ።»

ያዘች። ጀሶው እየተተረተረ ሲወርድ ቀጭኗ እግር ወጣች። ቆዳዋ ነጥቶ፣ ተልጦ፣ ጠባሳው ተረከዟ ላይ እንደ ጥፍር ጭረት ሆኖ ታየ። ኡርጂ ተራገጠች፤ ጮኸች። አሳየች ጅማቱ እንደ ክር ከመዳፏ በላይ ሲወጠር ይሰማት ነበር። ልቅሶው አንጀቷን ቢበላውም ፊልሞና ልቀቂ እስኪላት አልለቀቀችም፤ «ቅዱስ ሚካኤል» የሚለውን ብቻ በከንፈሯ ደጋገመች። ፊልሞናም በራሱ መንገድ «ጌታ ሆይ» እያለ ጥጡን ጠመጠመ፣ ጀሶውን አርሶ ጠመጠመ፣ በአውራ ጣቱ አለሰለሰ። ጀሶው ሲጠነክር ሞቀ። ሙቀቱ ደስ ብሏት ነው መሰል ኡርጂ ዝም አለችና እዚያው እንቅልፍ ወሰዳት።

«አሁን ልቀቂ» አለ።

እማማ ዲንቄ ዳቦውን ቆርሰው ትልቁን ለፊልሞና በፌስታል ጠቀለሉለት። «ወደ ጸሎት ቤትህ እንደምትሄድ አውቃለሁ፤ አንይዝህም» አሉት። «እዚያ ስትደርስ ግን ስለዚህች ልጅ እግር የእናንተም ሰዎች ይጸልዩ በላቸው። በሁሉም በር ይንኳኳ።»

«እሺ እማማ» አለ፤ ዳቦውንም ይዞ ሄደ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ለአሳየች ከሰማንያው ይልቅ ረዘሙባት። ሰጋች። በዚያች አጭር ጊዜ እግሩ ወርዶ ቢሆንስ? ጅማቱ አጥሮ ቢገጥምስ? ችግኝ ጣቢያ አፈር እየሞላች ትጸልያለች፤ ማታ ልጇን ስታጠባ ከጀሶው የወጡትን የሕፃኗን ጣቶች ጫፍ እየቆነጠጠች ደም እንደሚደርሳቸው ለማወቅ ቀልተው መመለሳቸውን ታያለች። በዚህ ሁሉ መካከል ግን ምስጋናው አልጠፋባትም። ስልኩን ሳልደውል ብፈታው ኖሮ እያለች ታስባለች፤ ይህንንም ባሰበች ቁጥር እንድትደውል ልቧን ያነሣሣውን አምላኳን ታመሰግናለች።

ቀኑ ሲደርስ ፊልሞና ጀሶውን አወለቀ። ዶክተሯ ተማሪዎቿን ይዛ መጣች፤ እሷም ራሷ ከመንካቷ በፊት ወደ አንዲት ቀጭን ተማሪ ዞረች።

«ግራውን አንቺ እዪው። ጉልበቱን ዘርጊና እግሩን ወደ ላይ እጠፊው። ቀስ ብለሽ።»

ተማሪዋ የኡርጂን ውስጥ እግር በሁለት ጣቷ ደግፋ ወደ ላይ ገፋ አደረገችው። እግሩ ታጠፈ። ተረከዙ ወረደ፣ ጣቶቹ ወደ ቅልጥሟ ቀረቡ፤ ጅማቱም አልያዘውም። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አየው። ዶክተሯ አንገቷን ነቀነቀችና ከእንግዲህ በብረት የተያያዘ ጫማ እንደምታደርግ፣ መጀመሪያ ቀንና ሌሊት፣ ኋላ ማታ ማታ ብቻ፣ እግሯ እንዳይመለስ እስከ አራት ዓመቷ ድረስ እንደምትቀጥል ማስረዳት ጀመረች።

አሳየች ሰምታለች፤ ሁሉንም ታደርገዋለች። ለጊዜው ግን ዓይኗ ከልጇ እግር ላይ አልተነሣም።

«ልጄ» አለቻት ተማሪዋን፤ «አንዴ ድገሚልኝ።»

ተማሪዋ ዶክተሯን አየች። ዶክተሯ ፈቀደችላት፤ ተማሪዋም እግሩን እንደገና አጠፈችው።