የሻለቃው ጅብ

ልጅ ሳለሁ፣ አሶሳ ዳር ባለው ሰፈራችን፣ ተረት ያለ ተቀባይ አይነገርም ነበር። ተራኪው አንድ ነገር ባለ ቁጥር ከአድማጮቹ አንድ ትልቅ ሰው «አይዋ» ይላል፤ አዎ፣ ሰምቼሃለሁ፣ ቀጥል ማለት ነው። «አይዋ» ያጣ ተራኪ ውሸታም እንደተባለ ቆጥሮ አፉን ይዘጋል።

ሻለቃ ደበበ የሰፈሩ ተወላጅ ሳይሆን ይህን ልማድ ማወቁ ነው አባቴ መጀመሪያ እንዲጠረጥረው ያደረገው። ሰውየው ፓዌ ያደገ፣ ጡረታ ወጥቶ ከቤታችን ፊት ለፊት የተከራየ መኮንን ነበር። ያኔ አመሻሽ ላይ ማንጎው ሥር የቀርከሃ ጉቶ አንድዶ፣ እሳቱ እየተንጣጣ፣ ጭሱ እኛን ልጆች እያስለቀሰን፣ ሰላም ለማስከበር ሱዳን ስለቆየበት ጊዜ ያወራልን ነበር።

«የሲቪል ጉዳይ መኮንን ነበርኩ» ይለናል። «ሥራዬ መተኮስ አይደለም፤ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ የሰው ሮሮ መስማት ነው።»

አባቴ ከቀርከሃ አጥራችን ወዲህ ሆኖ ያዳምጣል። «ጆሮ ብቻ የሆነ ወታደር ለማን ነው የሚሰማው?» ይላል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን የአማርኛ ተረት ከማንም በላይ የሚወደው እሱ ነበር።

አንድ ምሽት ሻለቃው የጅብና የኤሊን ተረት ጀመረ። የእኛው ተረት! ኤሊ ውሃዋን የሚያደፈርስባትን ጅብ አታልላ የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ትጥለዋለች፤ እሱም እዚያው ይቀራል። የሻለቃው ኤሊ ግን ጎህ ሲቀድ ገመድ ይዛ ተመለሰች። «ጅቡ ውስጡ ከሞተ ውሃውን ማን ይጠጣዋል?» ብላ ጎትታ አወጣችው። በአንድ ጉድጓድ ውሃ የተጣሉ ሁለት መንደሮችን ሲያስታርቅ ይህን የነገሩት የዚያ አገር ሽማግሌ እንደሆኑ ጨመረና ወደ አጥራችን አየ። ከአጥሩ ወዲህ «አይዋ» የሚል አልተሰማም።

ቤት ስገባ አባቴ «የእኛን ተረት ሰርቆ ጅራት ቀጠለበት» አለ። «ሱዳንን በዓይኑም አላያትም። ሁለተኛ እዚያ እንዳትሄጂ!»

እኔም ጠረጠርኩት፤ ሳቁን፣ ጫማውን፣ የሚሰጠንን ከረሜላ ሳይቀር።

ብዙም ሳይቆይ ከተማው ሻለቃውን በውጭ አገር አገልግሎቱ ሊያከብረው ተነሳ፤ አባቴም የሰፈር ሽማግሌ ነውና ዱዓ እንዲያደርግለት ተጠየቀ። «ላላመንኩት አልመርቅም» አለ። ሌሎቹ ሽማግሌዎችም እሱን አይተው ቀሩ። ሻለቃው ከአዳራሹ ሲመለስ የሸለሙትን ጋቢ እንደደረበ፣ ሰርተፍኬቱን ብብቱ ሥር ይዞ፣ ማንጎው ሥር ብቻውን ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ እሳት አላነደደም። አንጀቴን በላኝ፤ ግን ለውሸታም ይታዘናል እንዴ ብዬ ራሴን ተቆጣሁ።

ክረምት ሲገባ፣ ወደ ሱዳን በረሃ ተድራ የነበረች ሐዋ የምትባል የእናቴ ዘመድ በስደት መጥታ እኛ ቤት አረፈች። በማግስቱ በኩራዝ ብርሃን ባሚያ እየከተፈች ለታናናሾቼ የጅቡን ተረት ነገረች። የእሷም ኤሊ ገመድ ይዛ ተመለሰች።

አባቴ ቀና አለ። «ይህን ከሻለቃው ነው የሰማሽው?»

«የቱ ሻለቃ?»

«ገመዱን ማን ነገረሽ?»

«የባሌ እናት። እዚያ ሌላ ውሃ የለም፤ ጅብ ጉድጓድ ውስጥ አይተውም።» ሳቀች። «እናንተ ወንዝ አላችሁ፤ ምን ቸገራችሁ!»

አባቴ ሰሌኑን ጠቅልሎ ወጣ፤ ተከተልኩት። የሻለቃው ደጃፍ ላይ አንጥፎ ተቀመጠ። ይቅርታ የሚል ቃል አልወጣውም።

«ሻለቃ» አለ በተሰባበረ አማርኛው፣ «ጅብ ጉድጓድ ገባ። ከዚያስ?»

ሻለቃው ትክ ብሎ አየው። አሁን ደግሞ ተጠርጣሪው አባቴ ነበር፤ በሻለቃው ማን ይፈርዳል? በመጨረሻ ቀስ ብሎ፣ «ጎህ ሲቀድ ኤሊ ተመለሰች» አለ።

«አይዋ» አለ አባቴ።

ሰርተፍኬቱ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። እኔም የአባቴ ልጅ ነኝና እስከ አሁን ሰው ቶሎ አላምንም። ለልጆቼ ያን ተረት ስነግር ግን ኤሊዋ ሁልጊዜ ገመድ ይዛ ትመለሳለች።