ሰኞ ሰኞ የምትቆመው የገላኔ መኪና

የገላኔ ገመዳ ትንሽ መኪና ሰኞ ሰኞ የምትቆመው በፊት ይነዳት የነበረው ሰው ሰኞ ቀን መሪ እንደያዘ ስለሞተ ነው ይባላል። ቦሌ ሚካኤል ውስጥ ይህን ያልሰማ የለም፤ ሰምቶ ያልጨመረበትም የለም። አንዷማ «ጡሩምባዋ ራሱ የሰው ሲቃ ይመስላል» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ውሸት ነው። ለገላኔ የሸጠላት ሉቃስ በሕይወት አለ፤ ገርጂ ካሉት መዘምራን መካከል ማይክራፎን የማያስፈልገው እሱ ብቻ ነው። መኪናዋን የሸጣትም ሦስተኛ ልጅ ስለወለደና ወንበሯ ሁለት ብቻ ስለሆነ ነው። ሰኞ ሰኞ አልሄድም ብላ መቆሟ ግን እውነት ነበር።

ገላኔ ማደሪያዋ ለሚ ኩራ፣ ኩሽናዋ ቦሌ ሚካኤል ነው። እዚያ ምሳ ታበስልና አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ላሉ የጭነት ሠራተኞች ታደርሳለች። ድስቶቿን የምትጭነው በዚያች በኤሌክትሪክ በምትሄድ፣ ከሩቅ ሲያዩዋት ፍሪጅ በምትመስል መኪና ነው። ውሉ አጭር ነው፦ ምሳ ስድስት ሰዓት፤ ሦስቴ የዘገየ ይሰናበታል። ገላኔ ሁለቴ ዘግይታለች። ሁለቱም ሰኞ።

ያገለገለች ትንሽ መኪና የገዛ ሰው ብዙ ነገር ይማራል። ጎማዋ እንደ ልብ አይገኝም፤ ገላኔ አንዱን ለማግኘት ሁለት ቀን ዞራለች። የፍሬን ሸራዋ አምስት ሺህ ብር ፈጀ። ከኋላ ጎማዋ እንደ ፌንጣ የሚጮኸው ኩችኔታም ስድስት ሺህ በላ። ይህን ሁሉ ሳታማርር ከፈለች፤ የተበላሸው ነገር በእጇ እስኪሰጣትና አገላብጣ እስክታየው ድረስ ግን ከጋራዥ አትወጣም። አባቷ ዛሬ ፎቅ በበቀለበት መሬት ላይ ሲያርሱ፣ ጥርሱን ሳያዩ በሬ አይገዙም ነበር። ልጅቷም ከዚያው ነው የወጣችው።

የሰኞው ነገር ግን የሚታይ ጥርስ አልነበረውም። መካኒኩ ሐዱሽ መኪናዋን ከአሽከርካሪው ወንበር አልፎ ሳያይ ፈረደ።

«እህቴ፣ ባትሪው አርጅቷል። ሁለት መቶ አርባ ሺህ አዘጋጂ።»

«ማክሰኞስ ለምን ትሄዳለች?»

«የባትሪ ጠባይ ነው።»

«ባትሪው ሰኞን በምን ያውቀዋል?»

ሐዱሽ ሳቀ። «እንግዲህ እሱን ቄስ ጠይቂ» አላት።

ገላኔ ቄስ አልጠየቀችም። ከሌላው ቀን ለይታ እሁድ ምን እንደምታደርግ ቆጠረች። ታስቀድሳለች፣ ትተኛለች፣ መኪናዋን ለማሳጠብ ላቫጆ ትወስዳለች። በቅዳሴና በእንቅልፍ መኪና አይበላሽም። ቀረ ላቫጆው።

በሚቀጥለው እሁድ እንደ ልማዷ መኪናዋን ለአጣቢው ለተስፉ ትታ ጁስ ቤት አልሄደችም። የተገለበጠ ሳጥን ላይ ቁጭ ብላ ተመለከተች። ተስፉ ጣሪያውን አረፋ አለበሰ፣ ጎኗን አሸ፣ ከዚያ ከኋላ ያለውን ክዳን ብድግ አድርጎ የውኃውን ጎማ ወደ ውስጥ አነጣጠረ።

«ተው! ተው! ምን ልታደርግ ነው?»

«ሞተሯን ነዋ፣ እታለም!» አለ ተስፉ ተገርሞ። «ሌላውን ሁለት መቶ ብር ነው የማስከፍለው። ላንቺ በነፃ ነው። ያመጣሽልኝን ምሳ እኮ አልረሳሁም፤ እሁድ በመጣሽ ቁጥር ሳልነግርሽ አጥባታለሁ።»

ተስፉን ማን ይፈርድበታል? በእኛ ሰፈር ሞተሩ ያልታጠበ መኪና እግሩን ሳይታጠብ የተኛ ሰው ማለት ነው። ቤንዚን የምትጠጣዋ መኪና ደግሞ ይህን ችላው ኖራለች። ዝናብም ቢሆን ከላይ ይመጣል እንጂ ክዳን ከፍቶ አይገባም። የገላኔዋ ግን ከክዳኑ ሥር ያላት ኤሌክትሪኩን ለሞተሩ የምታድል ሳጥን ናት፤ እሷ ደግሞ እሁድ በፍቅር ታጥባ ሰኞ ታለቅሳለች፣ ማክሰኞ ደርቃ ትነሳለች።

ገላኔ ግማሽ አረፋ የለበሰች መኪናዋን ይዛ በቀጥታ ሐዱሽ ቤት ሄደች፤ ጋራዡ ዝግ ስለነበር ከነምሳው አስነሳችው። ክዳኑን ከፍቶ የሳጥኗን ሽቦዎች ሲነቅል ጫፎቻቸው ሻግተው አረንጓዴ ሆነዋል። ጠረገ፣ በማድረቂያ አደረቀ፣ መልሶ ገጠመ፣ በላስቲክ ሸፈነ። ሦስት ሺህ አምስት መቶ ብር።

«ባትሪውስ?» አለችው።

«ባትሪው እንኳን... ገና ይሠራል» አለ ሐዱሽ፣ መፍቻውን የሚጠርግበት ጨርቅ እየፈለገ።

ሌሊቱን ዘነበ፤ መኪናዋ ግን ከጣሪያ ሥር አደረች። ሰኞ ጠዋት ከለሚ ኩራ የግንባታ ጭቃ የወጣችው መኪና፣ ደርቆ በቀረ አረፋ ላይ ቡናማ ካባ ደርባ፣ ለስድስት ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው የጭነት ሠራተኞቹ በር ላይ ደረሰች። ሠራተኞቹ ድስቶቹን ተቀባብለው አወረዱ፤ ትሪው ተከበበ። የውሉ ኃላፊ ሰብሊ ሰዓቷን አየች፣ መኪናዋን ዞረቻት፣ በጣቷም ፋቅ አደረገቻት።

«ገላኔ፣ ሰዓቱስ ይሁን፤ ምግብ በዚህ ይጫናል? ትናንት እሁድ ነበር፣ አታሳጥቢያትም ነበር?» ብላ እሷም ወደ ትሪው ጎንበስ አለች።

ገላኔ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ የሚጎርሱትን አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ታጥባ ብትቀርብላችሁ ኖሮ አሁን የምትጎርሱት ምኑን ነበር?»