ለተቆረጠች ላንድሮቨር ኢንሹራንስ

በደርግ ጊዜ ሐይቅ ከተማ ውስጥ የግል ላንድሮቨር የነበረን ሰዎች ጥቂት ነበርን። ከጥቂቶቹም መኪናውን በመጋዝ ያስቆረጠ እኔ ብቻ ነበርኩ። የገዛኋት ሥራው አልቆ ዕቃውን በሐራጅ ከሸጠ የመንገድ ፕሮጀክት ነው። ስገዛት ጤነኛ ነበረች፤ ችግሩ የኔ መንገድ ጤነኛ አልነበረም። ከውጫሌ ወደ አምባሰል ደጋ የሚወጣው መንገድ ሕዝብ በእጁ የጠረገው፣ ድንጋዩ የመኪና ሆድ የሚቧጥጥ ነው። ስለዚህ ደሴ ወስጄ ጭነቱን የሚሸከመውን ብረት፣ ባሌስትራዋን አስደረብኩ፤ ከፍ አስደረግኋት፤ ትልልቅ ጎማ አስገባሁላት። ከዚያ የኋላዋን አስቆርጬ በብየዳ አስረዘምኩና ግራና ቀኝ አግዳሚ ወንበር፣ ከላይ ደግሞ የብረት ጣሪያ አስገጠምኩ። ግማሹን ሥራ የሠራሁት በገዛ እጄ ነው።

ባለቤቴ ሐይቅ ገበያ ጨርቅ ነጋዴ ናት። መኪናዋን ይዤ በር ላይ ስቆም ወጥታ አየችና፣ «ላንድሮቨር ሰጥቼ ሰደድኩህ፤ ግመል ይዘህልኝ መጣህ?» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከተማው ሁሉ ግመሏ ይላት ጀመር። አልከፋኝም። ሌላ መኪና በክረምት ውጫሌ ላይ ሲቀር ግመሏ አምባሰል ላይ ታድር ነበር።

ኢንሹራንስ የሚባለው ነገር የመጣው በሥራ ምክንያት ነው። የአምባሰል ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር ጨውና ስኳር፣ በወቅቱም ማዳበሪያ የሚያወጣለት መኪና ፈለገ። ሊቀመንበሩ ቆፍጣና ሰው ነበር፤ ሲናገር ሰው አያቋርጠውም።

«መኪናህ እንደምትወጣ አውቃለሁ። ግን የማኅበር ንብረት ኢንሹራንስ በሌለው መኪና አልጭንም» አለኝ።

ደሴ ሄድኩ። መናኸሪያ ያገኘኋቸው ሾፌሮች መከሩኝ፦ «ላንድሮቨር ናት በልና ዝም በል። ቆርጫታለሁ ካልክ አይቀበሉህም።» እኔ ግን ያሠራሁትን ነገር መደበቅ አልወድም፤ አፍሬበት አላውቅማ። የኢንሹራንስ ቢሮው ጸሐፊ ፊት ቆሜ ከባሌስትራው እስከ ጣሪያው አንድ በአንድ ነገርኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ጓድ፣ ይቺ ላንድሮቨር አይደለችም።»

«ታዲያ ምንድን ናት?»

«እሱን እኔም አላውቅም። ምን እንደሆነች ኢንጂነር አይቶ ይንገረን።»

ኢንጂነር ሲባል ከረባት ያሰረ ወፍራም ሰውዬ ጠብቄ ነበር። የመጣችው ካኪ ሱሪ የለበሰች፣ ፀጉሯን በሻሽ ያሰረች ወጣት ሴት ናት። ከሰላምታ በኋላ በቀጥታ ከመኪናዬ ሥር ገባች። ስትወጣ አቧራዋን እያራገፈች፣ «እንደ ወትሮዎ ይጫኑና አምባሰል እንውጣ» አለችኝ።

ጨው ጭነን ወጣን። ከውጫሌ በላይ ዳገቱ ሲከብድ፣ «ያቁሙ፤ አሁን እኔ ልንዳ» አለች። መሪውን ለሰው ሰጥቼ አላውቅም ነበር። እሷ ግን ማርሹን ስትለውጥ ጆሮዋን ለሞተሩ ሰጥታ ነው፤ ለድንጋዩም አልቸኮለች። ከላይ ደርሰን ጨዉን አራገፍን። ወደ ታች ስንመለስ፣ ቁልቁለቱ መሐል አንደኛው ጎማ ጉድጓድ እንደገባ ፍሬን ያዘችና ወረደች። ከሥር ሆና ጠራችኝ።

«ይህን ያዩታል?»

አየሁት። መኪናዋን ከፍ ሳደርጋት የፍሬኑ ቱቦ በድሮ ልኩ ቀርቷል። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ቱቦው እንደ ክራር ጅማት ይወጠራል። የቱቦው ላስቲክ ላይ ቀጫጭን ስንጥቅ ወጥቶበታል።

«አንድ ቀን ይበጠሳል» አለች። «ያን ቀን ሃያ ሰው ይዘው ከሆነ ኢንሹራንስ ምን ያደርግልዎታል?»

ወደ ታች አየሁ። የውጫሌ ቆርቆሮዎች ከሩቅ ያብለጨልጫሉ። በዚያ ቁልቁለት ስንት ጊዜ እያፏጨሁ ወርጃለሁ!

«በዚህ ሳምንት አስለውጠዋለሁ» አልኳት።

«ዛሬ ቀስ ብለን እንወርዳለን፤ ነገ ደሴ ነዎት» አለች።

እንዳለችው አደረግኩ። ረጅም ቱቦ ተገጠመ፤ የእጅ ፍሬኑም ታደሰ። ኢንሹራንሱ ሲሰጠኝ የለወጥኩት ሁሉ ተጽፎበት፣ መኪናዋ ከነለውጧ ተሸፈነች። ሁለት ነገር ግን ተከለከልኩ፦ ከወንበሩ ልክ በላይ ሰው መጫን፣ ጣሪያ ላይ ደግሞ ሰውም ዕቃም ማውጣት። ኢንጂነሯ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ «ከፍ ያለች መኪና ናት፤ ከላይ ከከበደች ትገለበጣለች። ይህን ከጣሱ ሽፋን የለዎትም» አለችኝ።

ባለቤቴ ስትሰማ ሳቀች። «ጣሪያው ባዶ ከሄደ ምን ልትጠቀም ነው?»

«እንቅልፍ» አልኳት።

«እንቅልፍ ገበያ ይሸጣል?» አለችና ወደ ጨርቋ ተመለሰች። ግን ደግማ አላነሳችውም።

ፈተናው የመጣው ከራሱ ከሊቀመንበሩ ነው። በውጫሌ ገበያ ቀን ወንበሩ ሞልቶ ልነሳ ስል፣ ዘመዶቹን አስከትሎ ደረሰ።

«እነዚህን ጣሪያው ላይ አድርጋቸው» አለኝ።

«አይሆንም፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

በዚያ ዘመን እንዲህ ላለ ሰው ገበያ መሐል አይሆንም ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

«እኔን ነው?»

«እርስዎን ነው። ኢንሹራንስ አምጣ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ጣሪያው ላይ ሰው ከወጣ ግን ኢንሹራንሱ የለም፤ የማኅበሩ ጨውም አብሮ ሜዳ ላይ ይቀራል። ወንበር ላይ ያሉትን አድርሼ ልመለስና እነዚህን ወንበር ላይ አስቀምጬ እወስዳቸዋለሁ።»

ሊቀመንበሩ ዘመዶቹን ወደ ኋላ መለሰና፣ «ካልተመለስክ ታውቃለህ» አለ። ተመለስኩ። ከዚያ ወዲያ ጣሪያ ላይ ልውጣ የሚለኝ ሰው ጠፋ።

በነሐሴ ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል ገበያተኛ ይዤ ወደ ሐይቅ ከተማ ስመለስ፣ ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ የመንገዱን ጠርዝ ከሥር ቦርቡሮት ኖሯል። በቀስታ ነበር የምሄደው። የግራ ጎማዬ ሥር ያለው መሬት እንደ ገንፎ ሰጠመ። መሪውን ብጠመዝዝም አልታዘዘችኝም፤ ዘንበል፣ ዘንበል አለችና ከመንገዱ በታች ባለው የእርሻ እርከን ላይ በጎኗ ተኛች። ድንች፣ ዶሮ፣ ሰው፣ ሁሉም አንድ ላይ ተደበላለቀ። «ላ ኢላሃ ኢለላህ!» የሚል ድምፅ ከሁሉም አቅጣጫ ይሰማኛል።

ሰዉን በመስኮት አወጣን። አልሐምዱሊላህ፣ የሞተ የለም። አንዲት አሮጊት ክንዳቸው ተሰብሯል። ከመኪናዋ ጎን ሥር ግን የማሳው ድንበር ላይ ታስሮ ይግጥ የነበረ ቀይ በሬ ነበር። ወዲያው ሞቷል። ባለቤቱ ከቤቱ እየሮጠ መጣ፤ እኔን አልሰደበም፤ ከበሬው ራስ አጠገብ ቁጭ አለና ቀንዱን ያዘ።

«በሬህ ይተካል» አልኩት።

«ማን ይተካልኛል?»

«ኢንሹራንስ አለኝ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ኢንሹራንስ ማነው? የት አገር ሰው ነው?»

አጠገቡ ተቀምጬ አስረዳሁት። አላመነኝም፤ እኔም አልፈረድኩበትም። የበሬ ጥማዱ ፈርሶበታል፤ አንድ በሬ ብቻውን አያርስም።

ደሴ መልእክት ልኬ ነበርና፣ መኪናዋ ከተኛችበት ሳትነሳ ኢንጂነሯ መጣች። መንገዱን አየች፤ ጣሪያውን በእጇ ዳሰሰች። ከዚያ ተሳፋሪዎቹን ለየብቻ እየጠራች ጠየቀች። ክንዳቸው የታሰረውን አሮጊት፣ «እናቴ፣ ጣሪያው ላይ ሰው ወይ ዕቃ ነበር?» ስትላቸው ተቆጡ።

«ጣሪያው ላይማ ይህ ሰውዬ ወፍም አያሳርፍ! ዶሮዬን እንኳ ከላይ እሰርልኝ ብለው ጉያዬ አስይዞ ነው ያመጣኝ!»

ኢንጂነሯ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ እኔ ዞረች። «ከላይ ከብዳ ቢሆን ኖሮ እዚህ እርከን ላይ አትቆምም ነበር» አለች፤ በጣቷም ከማሳው በታች ያለውን ገደል አሳየችኝ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ወደዚያ አላየሁም ነበር።

መልሱ እስኪመጣ መጠበቁ ከባድ ነበር። ገበሬው በገበያ ቀን ሁሉ ደጃችን ይመጣና ምንም ሳይጠይቅ ቁጭ ይላል። ባለቤቴ ምሳ ታቀርብለታለች፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማሽላው ይጫወታሉ፤ ስለ በሬው አንስተው አያውቁም። አንድ ቀን ከሄደ በኋላ፣ «ካልከፈሉስ?» አለችኝ።

«ይከፍላሉ። የጠየቁኝን ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ፤ የከለከሉኝን አልነካሁም» አልኳት።

ከመስቀል በኋላ የኢንሹራንሱ ካሣ ተከፈለ፦ ለበሬው፣ ለአሮጊቷ ሕክምና፣ ለመኪናዋም ጥገና። ገበሬውን ይዤ የከብት ገበያ ወጣሁ። ረፋዱን ሙሉ በሬ ሲያገላብጥ ዋለ፤ የአንዱን ጥርስ ያያል፤ የሌላውን ሻኛ ይጫናል፤ አንዱን ደግሞ ያስኬድና አረማመዱን ይመለከታል። እኔ ደክሞኝ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ አንድ ደንዳና ጥቁር በሬ ፊት ቆመ።

«ይሄ ከቀረው በሬዬ ጋር ቁመቱ ይገጥማል» አለ። «አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔ የማውቀው ጎማ ነው፤ አንተ ካልክ ይሁን» አልኩት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየሁት። ገመዱን ተቀበለና እየነዳ በአርዲቦ መንገድ ሄደ። እኔ ደግሞ ግመሏን ከገራዥ ለማውጣት ደሴ የሚሄድ አውቶቡስ ላይ ተሳፈርኩ። በማግሥቱ ውጫሌ ስደርስ የማኅበሩ ጨው መጋዘን በር ላይ ተደርድሮ ይጠብቀኝ ነበር። ጭኜ አምባሰል ወጣሁ።